ሕጉ ጣሳው ላይ ቆመ፣ አቧራው ቤት ገባ

የዚህ ከተማ ሰው ቤቱን የሚያሳድሰው ምክንያት ሲያገኝ ነው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ልጅ ክርስትና ሊነሳ ሲል፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው ሲባል፣ አከራይ ኪራይ ሊጨምር ሲያስብ (ይኼኛው ምክንያት በየዓመቱ አይጠፋም) ቀለም ቀቢ ይጠራል። ቀለም ቀቢው ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው መፋቅ ነው። የተነሳውን ቀለም በስፓቱላ ይልጣል፤ በሩንና መስኮቱን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ ብረት ከሆነ ደግሞ ግራይንደሩን ይሰካል። ቤቱ በአቧራ ይታፈናል። ልጆች አቧራው ላይ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፋሉ። የቤት ሠራተኛዋ በመጥረጊያ ትጠርገዋለች፤ ግማሹ ተነስቶ ተመልሶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን "ወይኔ! ቤቱ አዲስ መሰለ" ይባልና ቡና ይፈላል።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚያ አቧራ ነው። ስለ ቀለሙማ ሁሉም ያወራል፤ ስለ ከለሩ፣ ስለ ዋጋው፣ የየትኛው ፋብሪካ ምርት ቶሎ እንደማይለቅ። አቧራው ግን ተጠርጎ የሚወጣ ነገር ስለሆነ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ቤት ሲታደስ ከሚገዛው ቀለም ይልቅ የሚፋቀው ቀለም ሊያሳስበን ይገባል። አሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ያንን እርሳስ ከበርና ከመስኮት አውርዶ ልጅ አፍ ውስጥ የሚከተው ደግሞ የእኛው የአፋፋቅ ዘዴ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቱ እርሳስ?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል። "እርሳስ" ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው መጻፊያውን ነው። የእርሳሳቸውን ጫፍ የሚነክሱ ልጆችን "ይመርዛችኋል!" ብሎ የሚቆጣ አስተማሪም በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። መጻፊያው ውስጥ ግን እርሳስ የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። መርዙ ብረቱ እርሳስ ነው፤ ፈረንጆቹ ሊድ የሚሉት፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ከባዱና ለስላሳው። እንግዲህ እርሳሱን ስለነከሰው ልጅ የተጨነቅነውን ያህል፣ የመስኮት ደፍ ላይ ተደግፎ ጣቱን ስለሚልሰው ልጅ አልተጨነቅንም ማለት ነው።

ይህ ብረት ቀለም ውስጥ ምን ይሠራል? ሦስት ሥራ ነበረው። ቢጫውን፣ ብርቱካናማውንና ቀዩን ያደምቃል፤ ዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ያግዛል፤ የብረት ዝገትም ይከላከላል። ስለዚህ በብዛት የሚገኘው ግድግዳ ላይ በሚቀባው የውሃ ቀለም ውስጥ ሳይሆን በሚያብለጨልጨው የዘይት ቀለም ውስጥ ነው። ማለትም በር ላይ፣ የመስኮት ብረት ላይ፣ የግቢ በር ላይ፣ የደረጃ መደገፊያ ላይ፣ የልጆች አልጋና ወንበር ላይ። አረንጓዴውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከቢጫው ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ስለሆነ ነፃ አይደለም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! በየኪዮስኩ፣ በየግቢው በርና በየመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ላይ አብዝተን የምንቀባቸው ቀለሞች መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

የዓለም ጤና ድርጅት "ጉዳት የለውም" ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ እንደማይታወቅ ደጋግሞ ተናግሯል። ትንንሽ ልጆች የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ በአራት ወይም በአምስት እጥፍ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። ብረትና ካልሲየም ያነሳቸው ልጆች ደግሞ የበለጠ ያስገባሉ። የመጀመሪያው ተጠቂ አእምሮ ነው፤ የማስተዋል፣ የመማርና ራስን የመግዛት አቅም ይቀንሳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። አዋቂውን የደም ግፊቱን ከፍ ያደርግበታል፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ስለሚመለስ፣ እናት በልጅነቷ የዋጠችው ለልጇ ሊተርፍ ይችላል። ዩኒሴፍ ፒዩር ኧርዝ ከተባለው ድርጅት ጋር በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ልጆች አንዱ፣ በጠቅላላው እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች፣ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለባቸው ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሞት ከእርሳስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይገልጻል፤ አብዛኛውም በልብና በደም ሥር በሽታ የመጣ ነው።

ለምን አቧራው?

ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ፣ ያልተላጠ ቀለም ብዙ አያሳስብም። ነገሩ የሚበላሸው ቀለሙ ሲደቅ ነው። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከክብደቱ 1 በመቶ እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም እንውሰድ። ከዚህ ቀለም የወጣ 1 ግራም አቧራ (በጣት የሚቆነጠር ጨው ያህል በሉት) 10 ሚሊግራም፣ ማለትም 10,000 ማይክሮግራም እርሳስ ይይዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 ለልጆች ከምግብ ሊገባ ለሚችል እርሳስ ያስቀመጠው መነሻ ቁጥር በቀን 2.2 ማይክሮግራም ነው። ሲካፈል ያ ቁንጥር አቧራ የ4,500 ቀን ድርሻ ይሆናል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ልጁ ቁንጥሩን በሙሉ ይውጠዋል እያልን አይደለም። የመቶኛው መቶኛ ቢደርሰው እንኳ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው አስሉት።

አንድ በር ሲታሽ የሚወጣው ደግሞ ቁንጥር ሳይሆን እፍኝ ነው። ትልልቁ ቅርፊት ይታያል፤ ይለቀማል። ደቃቁ ግን አየር ላይ ሰዓታት ቆይቶ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ መጫወቻው ላይ፣ የመስኮት ደፍ ላይ ያርፋል። የሚድኽ ልጅ መሬቱን በእጁ ይዳብሳል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርግ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ደቃቁን እንደገና ማስነሳት ነው። ተራው የቤት ቫክዩም ማጽጃም ቢሆን ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል።

ሕጉ የት ቆመ?

በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በዘጠኝ አገሮች የሚሸጡ የቤት ዘይት ቀለሞች ያሉበትን ሁኔታ ይፋ ሲያደርግ ኢትዮጵያም ከዘጠኙ አንዷ ነበረች። ከተመረመሩት ቀለሞች መካከል በሚሊዮን ክፍል ከ10,000 በላይ፣ ማለትም ከ1 በመቶ በላይ እርሳስ የተገኘባቸው ነበሩ። ደማቆቹ ደግሞ ከነጩ የባሱ ነበሩ። በ2018 አገራችን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አማካይነት የቀለም እርሳስ ከ90 በሚሊዮን ክፍል እንዳይበልጥ ወሰነች። በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ጥብቅ የሚባል ቁጥር ነው። ያወጡትም፣ እንዲወጣ የወተወቱትም ሊመሰገኑ ይገባል።

ነገር ግን ደንቡ የሚያወራው ስለሚመረተው፣ ስለሚገባውና ስለሚሸጠው ቀለም ነው። ስለ ጣሳው። ከ2018 በፊት ጣሳውን ለቆ በራችን ላይ የተለጠፈው ቀለምስ? እርሱ እዚያው ነው። በደርግ ጊዜ የተቀባ የቀበሌ ቤት በር፣ ከዚያም በፊት የተሠራ የእንጨት ቤት፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ መገንባት የጀመሩት የኮንዶሚኒየሞች የብረት መስኮት፣ እያንዳንዳቸው እንደ ሽንኩርት ቀለም በቀለም ላይ ደርበው ቆመዋል። የላይኛው ልጣጭ ንጹሕ መሆኑ ስለ ታችኛው ምንም አይነግረንም። ቀለም ቀቢው ሲፍቅ ደግሞ የሚደርሰው ታችኛው ጋ ነው።

ከተማዋ ደግሞ በመታደስ ላይ ናት። በ2024 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ በየዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎችም ተፍቀው እንደገና ተቀብተዋል። ቤት ሲፈርስ በሩና መስኮቱ አይጣልም። "ያገለገለ" ተብሎ ይሸጣል፣ ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ ግቢው ውስጥ አጋድሞ ይፍቀዋል፣ ቀብቶ ይተክለዋል። የማይሸጠው የተቀባ እንጨት ደግሞ ማገዶ ይሆናል። ከአሮጌው ቤት የወጣው እርሳስ በበሩ በኩል ወደ አዲሱ ቤት፣ በማገዶው በኩል ወደ ማድ ቤት ይገባል ማለት ነው።

"እኛም እኮ እንዲሁ ነው ያደግነው"

ይህን የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። "አባቶቻችን በርበሬና አቧራ እየማጉ አድገው ምን ሆኑ?" የሚልም አለ። መልሳችን አጭር ነው፦ ምን እንደሆኑ አልተለካም። የእርሳስ ክፋቱ ሰው ጠርቶ አለመጮሁ ነው። ልጁ አይወድቅም፣ አያተኩስም። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያቅተዋል፣ የተማረውን ይረሳል፣ ቶሎ ይቆጣል። ከዚያ "ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው" እንላለን። እርሳስ የነካው ልጅና ያልታደለ ልጅ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ነገሩ የዛሬ ግኝት ነው የሚል ካለም ታሪኩን ያንብብ። በ1904 በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ጆን ሎክሃርት ጊብሰን የሚባል ሐኪም በእርሳስ የተመረዙ ልጆች በብዛት ወደ ሆስፒታል መምጣታቸው አሳስቦት ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት በረንዳ መደገፊያና የቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው ቀለም መሆኑን ጻፈ። ፀሐይ ቀለሙን ዱቄት ታደርገዋለች፣ ዱቄቱ እጃቸው ላይ ይቀራል፣ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። በ1921 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ነጭ እርሳስ ቀለም ስምምነት ቁጥር 13ን አጸደቀ። ስምምነቱ ቀለም ደረቁን ሲታሽና ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ ሠራተኛውን እንዳይጎዳ በተቻለ መጠን እርምጃ ይወሰድ፣ ለቀለም ቀቢዎችም መታጠቢያና የሥራ ልብስ ይኑር ይላል። ከመቶ ዓመት በፊት! በእኛ ሰፈር የሚሠራው ቀለም ቀቢ ዛሬም ከደረቅ የብርጭቆ ወረቀትና አፍንጫው ላይ ከሚያስረው ሻሽ ሌላ የተሰጠው ነገር የለም።

በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤት እንዳይሸጥ የተከለከለው በ1978 ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚከራዩዋቸውና የሚገዟቸው ብዙ ቤቶች ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከ2010 ጀምሮ ከ1978 በፊት የተሠራን ቤት በክፍያ የሚያድስ ድርጅት የእርሳስ አቧራን የመቆጣጠር ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ እንዲይዝ ግዴታ አለበት። ይህም ሆኖ የገዛ ቤቱን በእጁ የሚያድስ ባለቤትን ሕጉ አይመለከተውም። እዚያም ቢሆን ሕጉ የማይደርስበት ቦታ አለ። ሕግ በማይደርስበት ቦታ የሚሠራው ዕውቀት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ደስ የሚለው ነገር ዘዴው ከባድ አለመሆኑ ነው። ከሞላ ጎደል ውሃ፣ ላስቲክ፣ ሳሙናና ትዕግሥት ነው። ከ2018 በፊት በዘይት ቀለም የተቀባ በር፣ መስኮት ወይም ብረት ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ቆጥረን እንነሳ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል።

አንደኛ፣ ሳያስፈልግ አንፋቅ። ቀለሙ ካልተሰነጠቀና ካልተላጠ በሳሙና አጥቦ፣ እርጥቡን በስሱ አሽቶ፣ አዲሱን ከላይ መደረብ ይበቃል። "እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቄ ካልሠራሁ አልወድም" የሚለው ኩራት በአሮጌ ቤት ላይ ባይቀጥል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ባዶ ይሁን። ልጆችና እርጉዝ ሴቶች ሥራው ተጠናቆ ቤቱ እስኪታጠብ ድረስ ዘመድ ቤት ይሂዱ። "እትዬ፣ ብዙም አቧራ የለውም፤ ልጆቹ እዚያ ጥግ ቢሆኑ ችግር የለውም" ቢባልም እሺ አይባል። የማይወጣው ዕቃ በላስቲክ ይሸፈን። ወለሉ ላይ ከሚፋቀው ቦታ ቢያንስ ሁለት ሜትር የሚርቅ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ ጠርዙ በፕላስተር ይያዝ፤ በሩም ላይ ላስቲክ ይንጠልጠል። ሥራው ከቤት ውጭ ከሆነ ላስቲኩ ሦስት ሜትር ይርቅ፣ በአቅራቢያው ያሉ መስኮቶችም ይዘጉ፤ የጎረቤትም ጭምር።

ሦስተኛ፣ እርጥብ እንጂ ደረቅ አይፋቅ። ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ (ለፀጉር ወይም ለልብስ ተኩስ የምንጠቀምበት ዓይነት) እና ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። እያረጠቡ መፋቅ፣ እያረጠቡ ማሸት ነው። የመብራት ሶኬትና ማብሪያ አጠገብ ግን ውሃ አይነካም። አቧራ መሳቢያ የሌለው ግራይንደርና የማሽን ማሻ እዚህ ሥራ ላይ ቦታ የላቸውም። በእሳት ነበልባል ቀለም መላጥም እንዲሁ፤ እርሳሱን ጭስ አድርጎ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ያስገባዋል።

አራተኛ፣ የሚሠራው ሰው ራሱን ይጠብቅ። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ስሱ ማስክ ለዚህ አይበቃም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ፍቆ ሳይታጠቡ መብላት፣ ማጨስ፣ ጫት መቃም ከእጅ ወደ አፍ ማስተላለፍ ነው። የሥራ ልብስ እዚያው ይወልቃል፣ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም። ቀለም ቀቢውም እኮ ማታ ሲገባ የሚያቅፈው ልጅ አለው።

አምስተኛ፣ አይጠረግም፤ ይታጠባል። በየቀኑ ማታ ላስቲኩ ላይ ውሃ ይረጭና ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ ታስሮ ይጣላል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከግድግዳ ጀምሮ እስከ ወለል፣ በሳሙና ውሃና በጨርቅ ይወለወላል። ሁለት ባልዲ ይኑር፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ የቆሸሸው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይደፋ እንጂ ጎመን የተተከለበት ጓሮ ወይም ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ አይደፋ። ጨርቁ በኋላ ለሌላ ሥራ አይቀመጥም። በመጨረሻ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በወለሉና በመስኮቱ ደፍ ላይ ይሳብ፤ ከጠቆረ እንደገና ይታጠባል።

ስድስተኛ፣ የተቀባ እንጨት ማገዶ አይሆንም። ምጣድ ሥርም፣ ከሰል ማቀጣጠያም አይገባም። ቅርፊቱም አይቃጠልም።

ቤቱ ቀድሞ ደረቁን ተፍቆ ልጅ ውስጡ ከነበረስ? ወለሉንና የመስኮቶቹን ደፍ እንደተባለው ማጠብ፣ የልጁን እጅና መጫወቻ ማጠብ፣ ለሐኪምም ነገሩን በግልጽ መናገር ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው እርሳሱ ከየት እንደመጣ ተፈልጎ ምንጩ መዘጋት አለበት።

ሒሳቡን ማን ይክፈል?

እዚህ ጋ ነው ዋናው ጉዳይ። ቀለም ቀቢውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የሚከፈለው በካሬ ሜትር ወይም በሥራው ልክ ነው። ቶሎ የጨረሰ ቶሎ ሌላ ሥራ ያገኛል። እርጥብ ማሸት ጊዜ ይፈጃል፤ ሁለት ቀን የነበረው ሦስት ይሆናል። እኛ በሁለት ቀን ዋጋ ተከራክረን ተከራክረን፣ መጨረሻ ላይ "ለሻይ" የምትባለዋን እንኳ ቀንሰን፣ የሦስት ቀን ሥራ ልንጠብቅ አንችልም። ከሁላችንም በላይ ያንን አቧራ የሚምገውም እርሱ ነው። እኛ ቤታችንን የምናሳድሰው በስንት ዓመት አንዴ ነው፤ እርሱ በየሳምንቱ የሰው ቤት ይፍቃል። ቀጥላ ያለችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። በመጨረሻም ምንም ያልተጠየቀው ልጅ።

ስለዚህ ሒሳቡ የአሳዳሹ ነው። ቀለም ቀቢ ስንጠራ የቀለሙንና የስቱኮውን ዋጋ እንደምንነጋገረው ሁሉ የላስቲኩን፣ የማስኩን፣ የአንድ ተጨማሪ ቀኑንና የመጨረሻውን እጥበት ዋጋ አብረን እንነጋገር። "ያላረጠብክ ሳይሆን ያረጠብክ ትቀጠራለህ" የሚል ደንበኛ ከበዛ ሙያው በራሱ ይቀየራል። ተከራዮችም ብንሆን (አብዛኞቻችን ነን) አከራያችን "ቤቱን ላድስላችሁ" ሲሉ መጀመሪያ "እንዴት?" ብለን እንጠይቅ። የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶች በክረምት ዕረፍት አጥርና ወንበር ሲያስቀቡ፣ ትምህርት ሳይከፈት ግቢው እንዲታጠብ ያድርጉ።

መንግሥትም ግማሽ መንገድ መጥቷል፣ ቀሪውን ይምጣ። የጠየቅነው ትልቅ ነገር አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቀለም ሲያስተምሩ እርጥብ አፋፋቅን እንደ መጀመሪያ ትምህርት ይስጡ። ወረዳ የእድሳት ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ገጽ ምክር አብሮ ይስጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉ የቆመባትን ጣሳ እንጠቀምባት። አሜሪካ ውስጥ በቀለም ጣሳ ላይ አሮጌ ቀለም መፋቅ የእርሳስ አቧራ ሊያስነሳ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይታተማል። በእኛም አገር በየጣሳው ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በጉልህ ፊደል ሁለት መስመር ይጻፍ፦ "አሮጌውን ቀለም ደረቁን አይፋቁ። አርጥበው ይፋቁ፣ አጥበው ይጨርሱ፣ ልጆችን ያርቁ።" የሚያስወጣው የቀለም ወጪ ከጣሳው ውጪ ካለው ሥዕል አይበልጥም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ልጅ አእምሮ ውስጥ የገባን እርሳስ የሚፍቅ የብርጭቆ ወረቀት እስካሁን አልተሠራም። በሩ ላይ ያለውን ግን አንድ ባልዲ ውሃ ያስቆመዋል። ለመጪው በዓል ቤት የምታሳድሱ ሁሉ፣ ቀለም ቀቢው ስፓቱላውን ከማንሳቱ በፊት ባልዲውን አቅርቡለት። የአንድ ቀኑንም ጨምሩለት።